የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?

የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች? ልጆች ሳለን ከብት እየጠበቅን ብዙ የተከራከርንበት ጥያቄ ይህ ነበር። አንዱ ግሼን ማርያም ነው የምትከርመው ይላል። ሌላው ባሕር ተሻግራ ኢየሩሳሌም ደርሳ ትመለሳለች ብሎ ይምላል። አብዛኞቻችን የተስማማንበት መልስ ግን ሌላ ነበር። ከቤታችን በላይ ያለው ጫካ ወፍ ዋሻ ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ወፏ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ዋሻ ውስጥ ተኝታ ትከርምና መስከረም ሲጠባ ትወጣለች። ዋሻውን በዓይኑ ያየ ልጅ አልነበረም። የተጠራጠረም አልነበረም።

ወፍ ዋሻ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ባለው ገደላማ ተዳፋት ላይ የተንጠለጠለ የተፈጥሮ ደን ነው። ታችኛው ጫፉ ማሽላ ከሚበቅልበት አገር ይጀምራል፤ ላይኛው ከ3000 ሜትር በላይ ወጥቶ አስታና ጓሳ ከሚበቅልበት ውርጭ ይደርሳል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚህ በተወሰደ የጽድ ዘር ነው ይባላል። የእኛ ቤት በታችኛው ጫፍ ነበር። የእናቴ እናት ቤት ደግሞ ከጫካው በላይ፣ ደጋው ላይ። መስቀልን የምንውለው እሷ ዘንድ ስለነበር በየዓመቱ ጫካውን ከእግሩ እስከ ራሱ እናቋርጠዋለን። በመኪና በጣርማበር ዞሮ መሄድ ይቻል ነበር፤ አጎቴ ግን ጫካው ውስጥ የሰቀላቸውን ቀፎዎች እግረ መንገዱን ማየት ስለሚፈልግ በእግር ይወጣ ነበር። እኔም ተከትዬው።

አጎቴ ንብ አናቢ ነው። አበባን የሚያየው በንብ ዓይን ነበር። የትኛው አበባ መቼ እንደሚፈነዳ፣ የትኛው ነጭ ማር፣ የትኛው ቢጫ ማር እንደሚሰጥ፣ የትኛው ዛፍ ሳያብብ የቀረ እንደሆነ ቀፎው እንደሚሳሳ ያውቃል። በእበት የተለሰኑ የሐረግ ቀፎዎቹን በወይራ ጭስ አጥኖ መስከረም ላይ ይሰቅላል፤ መንጋ የሚገባው ያኔ ነውና። ማሩን የሚቆርጠው ኅዳር ላይ ነው።

ከቤት እንደወጣን የማሳው ድንበር በሙሉ ቢጫ ነው። ያ ሁሉ ቢጫ ለእኔ አደይ አበባ ነበር። አንድ መስከረም አጎቴ አስቆመኝና ከሁለት ቦታ ሁለት ዘንግ ቀጥፎ አስያዘኝ።

«ቅጠሉን ዳብሰው እስቲ።»

የአንዱ ቅጠል ሻካራ ነው፤ ሳይከፋፈል ግንዱን ተጠግቶ አቅፎታል። የሌላው ለስለስ ያለና ብዙ ቦታ የተሰነጣጠቀ ነው። አበባቸውን ሳየው ግን ያው ቢጫ።

«ሻካራው መጭ ነው። አደይ ማለት ይኸኛው ነው። ንቧ ሁለቱንም ትወዳለች፤ አንተ ግን ለይ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የመስከረምን ሜዳ በጅምላ ቢጫ ብዬ አይቼው አላውቅም። ያ አንድ ወጥ የነበረው ቀለም ለሁለት ተከፈለ። ከዚያም ረባዳው ላይ ያለው የማገጥ ወይን ጠጅ፣ ከድንጋይ ካቡ ሥር ያሉት ስም የሌላቸው ሰማያዊ ጥቃቅን አበቦች ሁሉ አንድ በአንድ መታየት ጀመሩ።

ከማሳው በታች ውኃ ያቆረ ረጅም ሣር አለ። የመስቀል ወፍ ያለችው እዚያ ነበር። ጥቁር አካል፣ አናቷና አንገቷ ላይ ቀይ ሻሽ ያሰረች የምትመስል፣ ጭራዋ ከሰውነቷ የሚረዝም ወፍ። ከሣሩ ብድግ ትልና ላባዋን ነፍታ፣ ጭራዋን አንዠርግጋ፣ ዝግ ብላ ትከንፋለች። ምንም የሚያስቸኩላት ነገር የለም፤ እንድትታይ ነው የምትበረው። ከዚያ አንዱ ዘንግ ጫፍ ላይ ስታርፍ ዘንጉ ይጎብጣል፤ እሷም ሚዛኗን ለመያዝ ጭራዋን ወዲያና ወዲህ ትወረውራለች። ወደ ደጋው ከፍ ሲባል ደግሞ በቀይ ፈንታ ቢጫ የለበሰች ሌላ አለች። የአገራችን ሰው ሁሉንም የመስቀል ወፍ ይላቸዋል። እዚያው ሣር ውስጥ ቡናማ ዝንጉርጉር የሆኑ ብዙ ወፎችም ነበሩ። ድንቢጥ ናቸው ብለን ዞር ብለንም አናያቸውም።

ሌላም ዞር ብለን ያላየናት ወፍ ነበረች። መስከረም ላይ ከብቶቹ እግር ሥር ቱር ቱር የምትል፣ ሆዷ ቢጫ፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ ማድረግ የማይሰለቻት ቀጭን ወፍ። ላሟ ሣሩን ስትረግጥ ብር የሚለውን ነፍሳት ነበር የምትለቅመው። ላማችን አፍንጫ ሥር ስለምትውል የቤት ወፍ እንጂ እንግዳ አልመሰለችንም። የት ትከርማለች ብሎ የጠየቀ ልጅም አልነበረም።

የጫካው ደጃፍ የሚከፈተው በእሾህ ነው። አጋም፣ ቀጋ፣ ኮሽም ተያይዘው አጥር ሠርተዋል። ቀጋው ነጭ አበባውን ዘርግቶ፣ አዞ ሐረጉ ከላይ ወጥቶበት የራሱን ነጭ ጨምሮበት ይቆያል። በዚያ አጥር ዳር ዳር ራስ ክምር ይበቅላል። ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ ብርቱካናማ አበባው ክብ ክብ እየሆነ ከታች ወደ ላይ በየደረጃው ይከመራል። እኛ ልጆች እያንዳንዷን አበባ በጣታችን መዘን ነጭዋን ጫፍ እንመጣታለን። ጠብታ ማር ትወጣለች። ብዙ አይደለችም፤ ምላስ ላይ ሳትደርስ ልታልቅ ትንሽ ነው የሚቀራት።

አጎቴ ይህን ሲያይ ይቆጣል። «ያ የባለቤቱ ነው!» ይለኛል። ባለቤቱን ያሳየኝ ከአጥሩ ራቅ ብለን ድንጋይ ላይ እንድንቀመጥ አድርጎ ነው። መጀመሪያ የመጣው ጥቁር ወፍ መሰለኝ፤ ምንቃሩ ቀጭንና ቆልማማ። ዘንጉን በእግሩ ጨብጦ ቁልቁል ተዘቀዘቀና ምንቃሩን በአንዷ አበባ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ፀሐይዋ አገኘችው። ጥቁሩ ጠፋ። ደረቱ ሐምራዊ ሆነ፤ ራሱን ዘወር ሲያደርግ መዳብ ሆነ፤ እንደገና ጥላ ውስጥ ሲገባ ጥቁር። አንዷን ጨርሶ ወደ ቀጣይዋ፣ ከዚያ ወደ ቀጣይዋ፣ ዘንጉን እየዞረ ይቀዳል። ግንባሩ ላይ የአበባው ብናኝ ተለጥፎበት ቢጫ ነጥብ ይታየኝ ነበር። አጎቴ በጆሮዬ፣ «ንብ የምትሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው» አለኝ። ይህ ወፍ የሳይንስ ስሙን ያገኘው ከእኛው ተከዜ ወንዝ መሆኑን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር በጠብታ ማር የሚኖር ፍጡር ፊት ለፊቴ መኖሩ ነው።

አጥሩ ታልፎ ዝግባውና ጽዱ ሥር ሲገባ ብርሃኑ በአንዴ ይለወጣል። መሬቱ ርጥብ ነው፤ ግንዱ ሁሉ ሽበት አብቅሏል። እዚህ ውስጥ ያለው አበባ እንደ ሜዳው አበባ በሩቅ አይጠራም፤ ፍለጋ ያስፈልገዋል። የምንፈልገው ደግሞ እንሶስላን ነበር። ታላቅ እህቴና የአክስቴ ልጆች አደራ ብለው ልከውናል፤ ያለ እንሶስላ መስቀል የለም። ከጅረቱ ዳር፣ ሁልጊዜ ጥላ ባለበት ነው የሚገኘው። ግንዱ ውኃ የሞላበት፣ ሲነኩት የሚሰበር፤ አበባው ግን ትልቅ ነው፣ ነጭ፣ ጉሮሮው ውስጥ ወይን ጠጅ የፈሰሰበት፣ ከኋላው ረጅም ቀጭን ጭራ የወጣለት። እንዲህ ያለ አበባ ሰው በማያይበት ቦታ መብቀሉ ያኔም ይገርመኝ ነበር፤ ዛሬም ይገርመኛል።

የሚፈለገው ግን አበባው ሳይሆን ሥሩ ነው። አጎቴ ይቆፍርና የጎለመሰውን ለይቶ ያወጣል፤ የቀረውን አፈር መልሶ ያለብሰዋል። ማታ እነእህቴ ይወቅጡትና እጃቸውና እግራቸው ላይ ለጥፈው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ያድራሉ። ጠዋት ሲፈቱት ጣታቸው ከነጥፍራቸው ደም መስሎ ይቀላል፤ ውሎ ሲያድር ይጠቁራል። በበዓል ቀን እናቶቻችን እግር ላይ የምናየው ቀለም ከዚያ ጨለማ ጅረት ዳር የመጣ ነው። ሱቅ የሚሸጠው ሂና ብዙ ቦታ ስለተካው አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ብዙ ወጣቶች እንሶስላን በስሙ እንጂ በአበባው አያውቁትም። ይህ ያሳዝነኛል። እግርን የሚያስጌጥ ቀለም ሌላም ይገኛል፤ ያን አበባ ፍለጋ ጅረት ለጅረት መሄድን የሚተካ ግን አላገኘሁም።

ወፎቹ እዚህ ውስጥ በጆሮ ነው የሚታወቁት። ከጽዱ ቅርንጫፍ መሐል አንዱ ጥርት ባለ ድምፅ ይጀምራል፤ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበለዋል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ዜማውን ይሸምኑታል። ባልና ሚስት ናቸው። ሲታዩ ግራጫ፣ ግንባራቸው ላይ ነጭ ያለባቸው ልከኛ ወፎች ናቸው። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አገር አይገኙም። ከላይ ደግሞ አረንጓዴ ትልቅ ወፍ፣ ጉንጩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየሮጠ የጽድና የሾላ ፍሬ ይለቅማል። እንደተቀመጠ ከቅጠሉ አይለይም። ለመብረር ክንፉን ሲከፍት ግን ውስጡ ደማቅ ቀይ ነው። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት መሆኑን ሳነብ ደጋግሜ ማንበብ አስፈልጎኝ ነበር፤ ከፍሬ የሚኖር ወፍ መዳብ ከየት አምጥቶ ክንፉ ውስጥ እንዳኖረው ማሰብ ደስ ይላል። የዋጠውን ፍሬ ዘር ራቅ ወዳለ ቦታ ወስዶ የሚዘራውም እሱ ነው። ወፍ ዋሻን ያስተከለ ንጉሥ አልሰማሁም። የሚተክሉት እነዚህ ናቸው።

ከዚያ ወደላይ የሚቀረው ዳገቱ ነው። ኮሶው፣ ከኮሶው በላይ አምጃው በቢጫ አበባው፣ ከአምጃው በላይ አስታው። ትንፋሽ ያጥራል፤ ንፋሱ ይበርዳል። አፋፉ ላይ ሲደረስ ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ቁጭ ብለዋል፤ ከገደሉ ጫፍ ደግሞ መልከ ቀላል የሆኑ ቡናማ ትንንሽ ወፎች በመንጋ ይነሳሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ብዙ ጊዜ አልፈናቸዋል። ጆን አሽ የተባለ የወፍ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1976 አንኮበር አጠገብ እስኪያስተውላቸውና በ1979 የአንኮበርን ስም ሰጥቶ እስኪያስመዘግባቸው ድረስ ሳይንስ ጨርሶ አያውቃቸውም ነበር። እንግዲህ በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ አንዱ አያቴ ቤት ለመድረስ የምንረግጠው ጠርዝ ላይ ሳይታወቅ ኖሯል ማለት ነው።

አያቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። «እሰይ፣ እንኳን አደረሳችሁ! እንሶስላውስ?» ነው የመጀመሪያ ጥያቄዋ። ማታ ደመራው ጫፍ ላይ አደዩ ይታሰራል። እኔ ያመጣሁት አደይ መጭ ያልተቀላቀለበት በመሆኑ እኮራ ነበር።

አዲስ አበባ ገብቼ፣ ሥራ ይዤ፣ መነጽርና የወፍ መጽሐፍ መግዛት ከቻልኩ በኋላ ነው ያ የልጅነት ጥያቄ መልስ ያገኘው። የመስቀል ወፍ የትም አትሄድም። ያን ቀይና ጥቁር የሚለብሰው ወንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ለመራቢያው ወቅት። ዝናቡ ሣሩን ሲያረዝመው ጎጆ የሚሠራበትም ዘር የሚለቀምበትም ጊዜ ይሆናል፤ ያኔ ያጌጣል። ሣሩ ሲደርቅ ላባውን ይለውጥና ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናል፤ ሴቲቱ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ናት። የቢጫው ወፍ ትከሻና ወገብ ላይ ያለው ቢጫ አይጠፋም፤ የቀዩ ደግሞ የክንፉ ጥቁረት እንዳለ ይቆያል። ሣሩ ውስጥ ድንቢጥ ብለን ያለፍናቸው ሴቶቹ ነበሩ።

ያቺ ከላማችን እግር ሥር የምትሮጠው ቢጫ ወፍ ደግሞ ከአውሮፓና ከሩሲያ ሜዳ ሺህዎች ኪሎ ሜትር በርራ መስከረም ላይ የምትደርስ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ተመልሳ የምትሄድ መንገደኛ ናት። ባሕር ተሻጋሪዋ እሷ ኖራለች። ኢየሩሳሌም ደርሳ ትመለሳለች ብለን የተጣላንላት ወፍ ከቤታችን በታች ካለው ሣር ርቃ አታውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኅዳር ላይ ወደ አገር ቤት ወረድኩ። ጫካው አለ። ታችኛው ጫፉ ግን ብዙ ቦታ ባሕር ዛፍ ሆኗል። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ዛፍ ለማገዶም ለቤትም ስንቱን ጎጆ እንዳቆመ አውቃለሁ፤ ንብም አበባውን ትወደዋለች፤ አጎቴም አይጠላውም። ከሥሩ ግን እንሶስላ አይበቅልም። ከሥሩ ስሄድ ያን የባልና ሚስት ዜማ አልሰማሁም። የሚቆረጠው የሚቆረጥ ከሆነ ባሕር ዛፉ ይቆረጥ፤ ጅረቱ ዳር ያለው ዝግባ ግን አይነካ ብዬ ለሰማኝ ሁሉ ተናግሬያለሁ። አሁንም እላለሁ።

ማሽላው ደርሶ ነበር። የእህቴ ልጅ ማማው ላይ ወጥቶ ወንጭፉን እያስጮኸ ወፍ ይጠብቃል። ከአጎቴ ጋር ከማሳው ዳር ተቀምጬ ድርቆሹ ላይ ያረፈውን የቡናማ ወፎች መንጋ በመነጽር አየሁ። መሐላቸው አንዱ ገና ልብሱን ለውጦ አልጨረሰም። ጀርባው ዝንጉርጉር ሆኗል፤ አንገቱ ላይ ግን ቀይ ላባዎች እዚህም እዚያም ቀርተዋል፤ ከረጅሙ ጭራ የተረፈው አንድ ዘለላ ነው፤ እሱም ጠሟል።

«ጋሼ፣ ያቺ የመስቀል ወፍ ናት» አልኩት።

«ሂድ ወዲያ! እሷማ ጥቅምት ሳይጠባ ነው የምትሄድ።»

መነጽሩን ሰጠሁት። ዓይኑ ደክሟል፤ ጊዜ ወሰደበት። ጎማውን እያዞረ፣ እየተወ፣ እንደገና እያዞረ ቆየና ድንገት ዝም አለ።

«አንገቱ ቀይ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን በወንጭፍ ስናባርር የኖርነው እሷን ነዋ? መስከረም ላይ እንኳን መጣሽ እያልን፣ ኅዳር ላይ ስንረግማት?»

መነጽሩን አልመለሰልኝም። ክንፉ ጥቁር መሆኑን አየ፤ ከጎኑ ያሉትን ሴቶች ቆጠረ፤ ያን የጠመመ ጭራ ለራሱ ደጋግሞ ገለጸ። ከዚያ ወደ ማማው ዞሮ፣ «አንተ ልጅ! ቶሎ ና፣ ጉድ እይ!» ብሎ ተጣራ። ልጁ ወንጭፉን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ እየሮጠ መጣ። መነጽሩን ከአጎቴ እጅ ተቀብሎ ዓይኑ ላይ ሲያደርግ መንጋው ከድርቆሹ ተነሳ፤ አንድ ዙር ዞረና ማሽላው ላይ አረፈ። ልጁ መነጽሩን መልሶ አስያዘኝና «ሃይ! ሃይ!» እያለ ወደ ማሳው ሮጠ።